ያልታተመው የውሃ መስመር

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለችው ሱቄ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ሳባዛና ሳትም፣ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ማሽን ተነስቼ ትልልቅ ፕላን እስከሚያትመው ፕሎተር ድረስ ስደርስ፣ ያልተቆጣሁበት ወር ትዝ አይለኝም። ደንበኞቼ ለምደውታል። ዛሬ ደግሞ ጋሽ ጁነዲን ምን ተነስቶበታል ይባባላሉ እንጂ አይቀየሙኝም። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ራሴ ቁጣ አይደለም፤ መቆጣት ስለሚገባት፣ ግን ስላልተቆጣች አንዲት ሴት ነው።

ጵርስቅላ ትባላለች። ድራፍተር ናት። መሐንዲሱ በእርሳስ ሞነጫጭሮ የሚሰጣትን ሐሳብ በኮምፒውተር ላይ አስተካክላ፣ ግንበኛና አናጢ ሊሠራበት የሚችል ፕላን አድርጋ ታወጣለች። የተወለደችው ከጊምቢቹ ወዲያ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። አባቷ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፣ ዛሬ በሕይወት የሉም። እናቷ ገነቴ ግን እስከ አሁን እዚያው፣ እንሰታቸውን እየተንከባከቡ ይኖራሉ። ጵርስቅላ ሀዲይኛ ሲነገር አድጋ አማርኛን ያገኘችው በትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ስትናገር ቃላቱን እየመረጠች፣ ቀስ እያለች ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ እኛ አገር ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለናል። በዚህች ነገር ስንት ጊዜ ቆሽቴ እንዳረረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቴክኒክና ሙያ ተምራ እንደጨረሰች እዚሁ ከተማ አንድ የግል ዲዛይን ቢሮ ተቀጠረች። የቢሮውን ስም አልጠራም። የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ አዜብ ናት፤ ዋናው መሐንዲስ ደግሞ ኢንጂነር ሕዝቅኤል። የቢሮው ወረቀት ሁሉ የሚታተመው እኔ ጋ ስለሆነ፣ ጵርስቅላ ከመምጣቷ በፊት ፋይላቸው ምን ይመስል እንደነበር በደንብ አውቃለሁ። ያሳፍር ነበር።

ለማያውቅ ላስረዳ። አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሳያ ፕሮግራም ሲሠራ ሌየር የሚባል ነገር አለ። ድሮ፣ በእጅ በሚሳልበት ጊዜ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ነበረ፤ አንዱ ላይ ግድግዳውን፣ ሌላው ላይ መብራቱን፣ ሌላው ላይ የውሃውን ቧንቧ ስለው አንዱን በአንዱ ላይ ይደርቡታል። ሌየር ማለት ያ ነው፤ ልዩነቱ በኮምፒውተር ውስጥ መሆኑ ብቻ። መብራቱን ብቻ ማየት ከፈለግህ ሌላውን ታጠፋለህ፣ ስትፈልግ መልሰህ ታበራለህ። ሌየር ሲጠፋ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይሰረዝም። አንዳንዱን ደግሞ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እያየኸው ወረቀት ላይ እንዳይወጣ ማድረግ ትችላለህ፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን የፕሪንተር ምልክት አንድ ጊዜ መንካት ነው።

በዚያ ቢሮ ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሌየር ላይ ነበር። ግድግዳው፣ በሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ሳይቀር፣ ሁሉም ነጭ መስመር። ቤቱን የሚያሠራው ሰው መጥቶ ይህን በር ወደዚህ አዙሩልኝ ካለ፣ በሩ ሲጎተት የመብራት ማብሪያውም የጣሪያው ጠርዝም አብሮ ይጎተታል። ያንን እየለቀሙ ለመመለስ ሁለት ቀን ይፈጃሉ፤ ከዚያ እኔ ዘንድ መጥተው ቶሎ አትምልን ብለው ያጣድፉኛል።

ጵርስቅላ ይህን አይታ ዝም አላለችም፤ ማንንም ግን አልነቀፈችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየገባች፣ ማንም ሳያዛት፣ የድሮዎቹን ፕላኖች አንድ በአንድ ለያየቻቸው። ለእያንዳንዱ ነገር ሌየር አወጣችለት፣ ቀለም ሰጠችው፣ ቁጥር ከፊቱ አድርጋ ሰየመችው። ስሞቹንም ከመጽሐፍ የተገለበጠ አላደረገቻቸውም፤ የቢሮው ሰው ሁሉ እንዲገባው ግድግዳ፣ በር፣ አዲስ ውሃ፣ ነባር ውሃ ብላ ነው የጻፈችው። ቀያሹ የለካቸው ነጥቦች ያሉበትን ሌየር ደግሞ ማንም እጁ ተሳስቶ እንዳያንቀሳቅሰው ትቆልፈዋለች። እኔ ጋ የሚመጣ ፋይል ገና ሲከፈት የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የእሷ ሲሆን ደስ እያለኝ ነው የማትመው።

ምስጋናዋ ምን ሆነ? ሕዝቅኤል ሰው በተሰበሰበበት፣ ይህቺ ልጅ ጥልፍ ቤት ብትቀጠር ይሻላት ነበር፣ ቀለም ትወዳለች እያለ ይቀልድባት ነበር። ሰውዬው ስሌት ያውቃል፣ ይህን አልነሳውም። ግን በፕላኑ ቀኝ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ ተመልከቱ። ዲዛይን ያደረገው፣ የሳለው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው የሚሉ አራት ሳጥኖች አሏት። አራቱም ላይ የተጻፈው ሕዝቅኤል ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟ አንድም ሳጥን ውስጥ ሲገባ አላየሁም። አንድ ጊዜ ተናድጄ ስጠይቃት፣ ሥራው ከተሠራ ስሙ ምን ያደርጋል ጋሼ፣ አለችኝና ወረቀቷን ጠቅልላ ሄደች።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ እዚያው በተወለደችበት ቀበሌ ያለው ጤና ጣቢያ አዲስ የማዋለጃ ክፍል እንዲሠራለት ተወሰነ። ሥራው ለዚህ ቢሮ ደረሰ። ጵርስቅላ ደስታዋ ሌላ ነበር። ቦታው ድረስ ሄዳ፣ የጤና ጣቢያውን ዘበኛ ኃይለኢየሱስን ይዛ፣ የድሮው የውሃ መስመር የት የት እንደሚሄድ አስጠቁማ፣ ከግድግዳው ማዕዘን በሜትር ለክታ መጣች። መስመሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነባር ውሃ በሚለው ሌየር ላይ በሰማያዊ አሰመረችው፤ የሕንጻውን ቦታ መቀየር የመሐንዲሱ ፈንታ ስለሆነ፣ አዲሱ ክፍል መስመሩን እንዳይነካ መሠረቱ ሁለት ሜትር ወደ ዳገቱ ፈቀቅ እንዲል አጠገቡ ጻፈች። ማስታወሻዋም በዚያው ሌየር ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ልማድ አለ። የሕዝብ ነገር ሊሠራ ሲሆን ሕዝቡ ከኪሱም ከጉልበቱም ስለሚያዋጣ፣ ግንባታው ሳይጀመር ፕላኑ በትልቁ ታትሞ ስብሰባ ላይ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሽማግሌውም፣ ወንጌላዊውም፣ እናቶችም ቀርበው ያዩታል። መልካም ልማድ ነው። ሕዝቅኤል ለዚሁ አንድ ሐሙስ ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቄ ገባ። ጵርስቅላ አብራው አልነበረችም። ፋይሉን ከፈትኩለት፣ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ይህ ሰማያዊ መስመርና ጽሑፍ ወረቀቱን አጨናነቀው፣ ሕዝቡ ማየት የሚፈልገው ክፍሉን ነው፣ አጥፋልኝ አለ። ነባር ውሃ ነው እኮ አልኩት። አውቃለሁ፣ ለስብሰባው ብቻ ነው አለኝ። የፕሪንተሯን ምልክት ነካሁ። መስመሩ መስኮቱ ላይ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልወጣም። ፕላኑ ጥርት ብሎ አማረ፣ እኔም በራሴ ኮምፒውተር ላይ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት።

በማግስቱ ስልክ ደወለ። «የትናንቱን በጥቁርና ነጭ አምስት ኮፒ አውጣልኝ፣ ሰው እልካለሁ» አለኝ። የትናንቱን አወጣሁ። ለሥራ ተቋራጩ የሚሄድ ይሁን ለሌላ አልጠየቅሁም፤ ምልክቷንም መልሼ አላበራሁም። ሕዝቅኤል አራቱም ሳጥን ላይ ስሙ ባለባቸው በአምስቱም ኮፒዎች ላይ፣ ሳይገልጥ፣ ማኅተም አሳረፈ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሠራተኞቹ መሠረት መቆፈር ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን ዶማው የውሃውን ቧንቧ ሁለት ቦታ ላይ በጠሰው። የተበጠሰውን ቀጥለው እንዳይጠግኑት መሠረቱ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፤ መስመሩ ሕንጻውን ዞሮ መሄድ አለበት። ማን ያዙረው በሚል ሥራ ተቋራጩና ቢሮው ሲጨቃጨቁ ጤና ጣቢያው ሦስት ሳምንት ያለ ውሃ ቀረ። ምጥ የያዛት ሴት ይዘው የመጡ ሰዎች፣ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ወርደው ውሃ እያመጡ አዋላጇ እጇን እንድትታጠብ አደረጉ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ጥፋተኛ ተፈለገ። በዚያን ጊዜ ነው ቢሮው ፕላኑን የሳለችው ጵርስቅላ መሆኗ ድንገት ትዝ ያለው። ስድስት ዓመት ሳጥን የተከለከለች ልጅ በአንድ ቀን የፕላኑ ባለቤት ሆነች። ሕዝቅኤል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የውሃውን መስመር ሳትስለው ቀርታለች አለ። እሷ ቢሮ ባለው ኮምፒውተሯ ላይ ፋይሉን ከፈተች፤ መስመሩ አለ። ከድንጋጤዋ የተነሣ ግን የለመደ እጇ ሴቭ አደረገው። ወይዘሮ አዜብ መጥታ ስታይ ፋይሉ የተቀመጠበት ቀን ዛሬ ይላል። ሕዝቅኤልም ዛሬ ነው የጨመርሽው አላት። ፍላሹ ላይ የነበረው ደግሞ በሌላ ሥራ ተተክቶ ጠፍቷል።

ወሬው ቀበሌዋ ደረሰ። የገዛ ልጃችን ፕላን ውሃችንን ቆረጠው ተባለ። እናቷ ገነቴ ይህን የሰሙት እሑድ ከጸሎት ሲወጡ፣ በር ላይ፣ ከጎረቤት አፍ ነው።

እኔስ? እኔ ነገሩን የሰማሁት ቧንቧው በተበጠሰ በሁለተኛው ቀን ነው። የሥራ ተቋራጩ ሰው ያንኑ ፕላን ሊያባዛ ይዞ መጥቶ ሲያወራ ሰማሁ። ሲወጣ ጠብቄ ፋይሉን ከፈትኩ። ነባር ውሃ የሚለው ሌየር አለ፤ ቀኑ የዚያ ሐሙስ ነው፤ ምልክቷ እኔ እንደነካኋት ናት። ከዚያ ዘጋሁት። ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ዘጋሁት። የሱቄ ሥራ ግማሹ ከዚያ ቢሮ እንደሚመጣም አልረሳሁም። በየቀኑ በመብራቱ፣ በወረቀቱ ዋጋ፣ በመንገዱ አቧራ ስቆጣ እየዋልኩ፣ በዚህ ነገር ላይ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሦስት ሳምንት።

አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጵርስቅላ ገባች። ፕላን አልያዘችም። ጋሼ፣ አንዲት ገጽ ደብዳቤ ነበረችኝ፣ ሁለት ኮፒ ብቻ ብላ ፍላሹን ሰጠችኝ። ከስታለች። ደብዳቤው ከማሽኑ ሲወጣ ሳልፈልግ ዓይኔ አረፈበት። ለወይዘሮ አዜብ የተጻፈ ነው። ስሠራ እንዳያስቸግረኝ የነባር ውሃውን ሌየር አጥፍቼ ሳላበራው ረስቼ ስለላክሁ በጤና ጣቢያው ላይ ለደረሰው ጉዳት ጥፋተኛ ነኝ፣ ይላል። ከታች ለፊርማ ቦታ ተትቷል።

ማን ጻፊ አለሽ አልኳት። ካላመንሽ ነገ ከሥራ ትወጫለሽ ብለውኛል፣ ካመንሁ ግን በማስጠንቀቂያ ያልፉኛል አለች። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገረች።

«እነሱ ስላሉኝ ብቻ አይደለም ጋሼ። ስሠራ አንዳንዱን ሌየር አጠፋለሁ፣ ታውቃለህ። አስቤ አስቤ፣ ሳላበራው ልኬው፣ ኋላ አብርቼው መሆን አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። እኔ ነኝ።»

ሰውን በሐሰት መክሰስ አንድ ነገር ነው። ሰው በገዛ ጥንቃቄው ራሱን እንዲከስ ማድረግ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። ደብዳቤውን ከማሽኑ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ነይ ወደዚህ አልኳት። ፋይሉን ከፈትኩ። ሰማያዊው መስመር መስኮቱ ላይ ከነማስታወሻው ወጣ። ጣቴን ምልክቷ ላይ አድርጌ፣ ማን አጥፋ እንዳለ፣ ማን እንዳጠፋ፣ በማግስቱ ምን ተብሎ ምን እንደታተመ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

መስመሩን አየችው። ከዚያ ፋይሉ የተቀመጠበትን ቀን አነበበች።

«ይህን መቼ ነው ያየኸው?»

«ቧንቧው በተበጠሰ በሁለተኛው ቀን።»

«እናቴ በዚያ ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነበረች» አለች። «አንተ ታውቅ ነበር።»

አልጮኸችም። እኔ መቶ ጊዜ የጮኽሁበት ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጣ ገብቶ አያውቅም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ፤ የራሷን ደብዳቤ ከጠረጴዛው አንስታ ለሁለት ቀደደችና ወንበሩን ወደ እኔ ገፋችው። «አሁን አንተ ጻፈው» አለችኝ። ጻፍኩ። እሷ ቆማ እያነበበች፣ ያልኩትን ሁሉ፣ ዝም ያልኩበትን ሦስት ሳምንት ሳይቀር አስጻፈችኝ። ፈረምኩበት።

በማግስቱ ወይዘሮ አዜብ ቢሮ ተሰበሰብን። ኮምፒውተሬን ከነገመዱ ተሸክሜ ሄድኩ። ወይዘሮ አዜብ ደብዳቤዬን አነበበች፣ ፋይሉን አየች፣ ወደ ሕዝቅኤል ዞረች። እሱም አላስታውስም አለ። ቀጥሎ ግን የተናገረውን እስክሞት አልረሳውም።

«ቢሆንም ጥፋቱ የእሷ ነው። ሁሉንም በአንድ ሌየር ብትሠራው ኖሮ መስመሩ ሊጠፋ አይችልም ነበር።»

እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር፤ ጵርስቅላ ቀደመችኝ። ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ ኢንጂነር፣ እርስዎ መስመሩን ሊያጠፉት የቻሉት የት እንዳለ ስላወቁ ነው፣ ሊያበሩትም ይችሉ ነበር አለችው። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አዜብ ዞራ፣ ማስጠንቀቂያም ካሣም እንደማትፈልግ፣ ውሃው ዛሬውኑ እንዲዞር፣ ሕዝቅኤል ራሱ ቀበሌው ድረስ ሄዶ ፕላኑን የለጠፈበት አዳራሽ ውስጥ እውነቱን እንዲናገር ጠየቀች።

ውሃው በአራት ቀን ተዛወረ። ሕዝቅኤልም ሄደ። ሄዶ የተናገረው ግን የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብሎ ነው። ስሰማ ብድግ አልኩ፣ ጊምቢቹ የሚሄድ መኪና ልፈልግ መናኸሪያ ወረድኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ተመለስኩ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ ምልክቷን የነካው የእኔ እጅ ነው። እሱ አሁንም ዋና መሐንዲስ ነው። ምክር ተሰጥቶታል ተብሏል። በአራቱ ሳጥኖች ውስጥ አሁን በሁለተኛው የእሷ ስም ገብቷል፤ ያውም ለሚቀጥለው ስህተት ተጠያቂ እንዳይጠፋ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የማዋለጃው ክፍል አልቆ ሥራ ጀምሯል። ወሬው እናቷ ዘንድ እንዴት ተስተካክሎ እንደደረሰ አልጠየቅኋትም፤ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ቢሮው ሥራውን ለሌላ ማተሚያ ቤት ይሰጣል ብዬ ነበር፤ አልሰጠም። ፍላሹን ይዛ የምትመጣው ራሷ ናት። ሰላምታዋም ደህና ነው፣ ጋሼ ትለኛለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች። ወረቀቱ ከፕሎተሩ ሲወጣ ግን አትጠቀልለውም። የባንኮኒዬ መስታወት ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከፕላኑ ግድግዳ አስነስታ፣ መስመሩን አንድ በአንድ እየተከተለች እስከ መጨረሻው ታየዋለች። አምስት ኮፒ ከሆነ አምስቱንም። እኔ አጠገቧ ቆሜ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። ስድስት ዓመት ስታሳትም አንድም ቀን እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር።